ምዕራፍ ሰባት፦ የቦዩ ግርጌ

የኢትዮጵያ ወንዞች የማን ናቸው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ጠበቃ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ ይህንኑ ለውሃ ለይቶ አጸናው፤ በአገሪቱ ያለው ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። የባለቤትነቱ ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

መልሱ ትክክል ቢሆንም፣ የካቲት ላይ ሽንኩርቱ የጠወለገበት ገበሬ አንዲት መደብ እንኳ አያጠጣበትም። ገበሬው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ዛሬ ተራው የማን ነው? ሰዓቱ ሳይደርስ ውሃው ለምን ቀጠነ? ከላይ ማን ሰበረው? በወንዙና በማሳው መካከል ቦይ አለ። ያንን ቦይ የቆፈረ፣ በየዓመቱ ደለሉን የሚያወጣ፣ ጎርፍ ሲያፈርሰው የሚጠግን ሰው አለ። የውሃ መብት ሥጋ ለብሶ የሚታየው በዚህ ቦይ ላይ ነው። ሕግ አርቃቂዎች ስለ ወንዝ መጻፍ ይቀናቸዋል፤ ሰው ዶማ ይዞ የሚፋጠጠው ግን ቦይ ዳር ነው።

ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ስለ ቦይ ነው። ዓባይና የተፋሰሱ አገሮች ክርክር የራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። እዚህ የምናየው አንድን ጠለፋ፣ አንድን ጉድጓድ ወይም አንድን ቧንቧ ብዙ ሰው ሲጋራው ምን እንደሚሆን ነው።

የውሃ አባት

ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት ጀምሮ፣ የባህላዊ መስኖ ተጠቃሚዎች ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ። የአምናውን ጠለፋ ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። የዘንድሮው የሚሠራው እዚያው ከተገኘው ነው። ትልልቅ ድንጋይ ከሥር ይደረደራል፤ ክፍተቱ በጭራሮና በቅጠል ይጠቀጠቃል፤ በላዩ የሣር ጓል ተደርቦ በጭቃ ይመረጋል። እንዲህ ያለ ጠለፋ ያፈሳል። ማፍሰሱ ጉድለት ቢመስልም ለታችኛው ሰፈር ሲሳይ ነው፤ የሾለከው ውሃ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ የሌላ ሰፈር ጠለፋ ይሞላል።

ቀጥሎ ጠረጋው ይመጣል። ክረምቱን ሙሉ ቦዩ ላይ ደለል ተኝቶበታል፣ ሣር በቅሎበታል፣ ከብት ረግጦ ጠርዙን ንዶታል። አንዳንዱ ቦታ ሥራው በእርምጃ ተለክቶ ለየቤቱ ይደለደላል፤ ሌላው ቦታ ሁሉም ከላይ ጀምሮ አብሮ እየጠረገ ይወርዳል። ይህን የሚመራው በአማራ ክልል ብዙ አካባቢ የውሃ አባት፣ በትግራይ አቦ ማይ የሚባለው ሰው ነው። የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ልጁን ላከ፣ ማን አርፍዶ መጣ የሚለውን ሁሉ ይይዛል። የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ተራውን እስከማጣት ይደርሳል። ጉልበት የሌለው ቤት፣ ለምሳሌ ባሏ ሞቶባት ልጆቿ ያልደረሱላት ሴት፣ ወይ ሰው ቀጥራ ታሠራለች ወይ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። የቦይ ፍርድ ለጉልበተኛ ያደላል። ይህን ሳይናገሩ ባህላዊውን ሥርዓት ማሞገስ የከተማ ሰው ናፍቆት ነው።

ጠረጋው ሲያልቅ ተራ ይወጣል። ትንሽ ውሃ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከተከፋፈለ ለማንም አይደርስም፤ የአፈር ቦይ በመጀመሪያ የሚያጠጣው ራሱን ነውና። ስለዚህ ባለተራው የቦዩን ውሃ ሙሉውን ይወስዳል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ለቀጣዩ ይለቃል። ድሮ የተራው መለኪያ ፀሐይ ነበረች፤ አንዱ ከንጋት እስከ ቀትር፣ ሌላው ከቀትር እስከ ጀምበር መጥለቂያ ያጠጣል። አሁን በየኪሱ ሞባይል አለ። ሰዓቱ ቢታወቅም አንድ ክርክር አልተፈታም፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ተራው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ሲተላለፍ ውሃው ደረቁን ቦይ አርሶና ሞልቶ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ያ ጊዜ በማን ይታሰብ? የፓኪስታንና የህንድ ፑንጃብ ገበሬዎች ዋራባንዲ በሚሉት የተራ ሥርዓታቸው ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አላቸው። የሳምንቱ 168 ሰዓት በመሬት ስፋት ልክ ይደለደላል፤ ነገር ግን ቦዩን ለመሙላት የሚሄደው ጊዜ ለባለተራው በጭማሪ ይያዝለታል። ከላይ ከተዘጋ በኋላ ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ያንኑ ያህል ከሰዓቱ ይቀነስበታል። እኩል መሬት ያላቸው ሁለት ሰዎች እኩል ሰዓት ላይኖራቸው ይችላል፤ እኩል ውሃ እንዲደርሳቸው ሲባል ነው። ይህ ሒሳብ በጽሑፍ ባልተያዘበት ቦይ ሁሉ ነገሩ ለውሃ አባቱ ግምት ይተዋል። ግምቱ የተከበረ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። መከበሩ የቀረ ዕለት ሽማግሌ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ። የራስጌው ገበሬ ውሃውን ቀድሞ ያገኛል። ማታ ሰው በሌለበት ሁለት አካፋ ጭቃ አንስቶ ወደ ማሳው መመለስ ይችላል። ታዲያ ለምን ያሳልፋል? ይሉኝታ አለ፣ ዝምድና አለ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ግን ደረቅ የሆነ ምክንያት ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ጠለፋውን ብቻውን ሊሠራ አይችልም። በውሃ የግርጌው ሰው የእሱ ጥገኛ ነው፤ በጉልበት ደግሞ እሱ የግርጌው ሰው ጥገኛ ነው። የግርጌው ሰው መጋቢት ላይ ውሃ ካልደረሰው ጥቅምት ላይ ዶማ ይዞ አይመጣም። እሱና ጎረቤቶቹ ካልመጡ የራስጌውም ማሳ ይደርቃል። ያልተጻፈው የውሃ ሕግ ጉልበቱን ያገኘው ከዚህ መጠባበቅ ነው።

ይህ ትስስር በወንዝ ብቻ አይወሰንም። ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ፤ እየዘፈኑ ስለሚያወጡ ጉድጓዶቹ ስማቸው በዓለም የታወቀ ነው። ጉድጓዱን አስቆፍሮ የጀመረው ሰው ኮንፊ ይባላል፤ በእሱና በዘሩ ስም ይጠራል፣ ከብቶቹም ቅድሚያ አላቸው። የዕለት ተዕለቱን ተራ የሚያወጣው ግን ሌላ ሰው ነው፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ እሱ ይወስናል። ጉልበት ሳያዋጡ ከብት ነድተው መጥተው ተራ መጠየቅ አይቻልም። የቀዳሚነት ክብርና የተራ ሥልጣን በሁለት ሰው መከፈላቸው ብልህነት ነው። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ተራ አውጪም ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም።

ሲሚንቶ ሲመጣ

እንበልና አንድ በጎ አድራጊ ያንን የድንጋይና የጭራሮ ጠለፋ በኮንክሪት ተካው። ጎርፍ አያፈርሰውም። በየዓመቱ ወንዝ ዳር መሰብሰብ ቀረ። ሪባን ተቆረጠ፣ ጭብጨባ ሆነ። የመጀመሪያው በጋ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው በጋ የግርጌው ማሳ ውሃ አጣ።

ይህን የምለው ከግምት ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ከባልደረቦቿ ጋር በኔፓል ከመቶ በላይ የመስኖ አውታሮችን አነጻጽራ ነበር። ገበሬዎች ራሳቸው የሠሯቸውና የሚያስተዳድሯቸው፣ ጠለፋቸው ከድንጋይና ከጭቃ የሆነ አውታሮች፣ ቋሚ ጠለፋ ከተሠራላቸውና በመንግሥት ከሚተዳደሩት ይልቅ ውሃን እስከ ግርጌ በማድረስ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። መሐንዲስ በቀላሉ የሚውጠው ግኝት አይደለም። ምክንያቱ ቀደም ብሎ ያየነው ነው፤ ኮንክሪቱ የራስጌውን ገበሬ ከግርጌው ጉልበት ነጻ አወጣው። ያኔ የግርጌው ሰው በእጁ የነበረውን ብቸኛ መደራደሪያ አጣ።

ሲሚንቶ አይግባ እያልኩ አይደለም። በየዓመቱ ሳምንታት የሚበላ ሥራ ሲቀር ከሁሉ በላይ የሚያርፉት ጉልበት ያነሳቸው ቤቶች ናቸው። የምለው ሲሚንቶ ሕግም ይለውጣል ነው። ጠለፋው ሲጠነክር ያልተጻፈው ውል ይላላል፤ የላላውን የሚተካ የተጻፈ ውል አብሮ ካልመጣ ፕሮጀክቱ ገና አላለቀም።

የተጻፈው ሕጋችን ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሃ ሲደነግግ ለማኅበረሰቡ የመጠቀም ቅድሚያ ቢሰጥም፣ የተጻፈው መሬት የግል በነበረበት ዘመን ስለሆነ የሚያናግረው በዋናነት ባለመሬቱን ነው። አዋጅ 197 ደግሞ የሚያናግረው ባለፈቃዱን ነው። የውሃ ሥራ የሚገነባ፣ ውሃ የሚያቀርብ፣ ፍሳሽ የሚለቅ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከአገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ ያለው የቤት ውስጥ ፍጆታ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተገቢ ነው።

አዋጁ ከፈቃድ ግዴታ ነጻ ያደረጋቸውም አሉ፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታ፣ የውሃ ወፍጮ እና የመሳሰሉት። ገበሬውን ለማህተምና ለቀጠሮ አለመዳረጉ ደግነት ነው። ደግነቱ ግን የኋላ መዘዝ አለው። ከአያቱ ጀምሮ ከአንድ ወንዝ ሲጠልፍ የኖረ ሰው በእጁ ወረቀት የለውም። ከእሱ በላይ አዲስ እርሻ ፈቃድ ይዞ ሲመጣ አንዱ ሰነድ ዘርግቶ፣ ሌላው ልማድ ጠቅሶ ይከራከራሉ። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ልማድ ሰነድን ሲረታ እምብዛም አይታይም። ነጻ የተደረገው አጠቃቀም ቢያንስ በመዝገብ መያዝ ነበረበት፤ የአዋጁ ትልቁ ክፍተት ለእኔ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት ቦዩን ራሱን ይመለከታል። የመስኖ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ ሰውነት አግኝተው ይደራጁበት የነበረው ዋናው መንገድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ በወቅቱ አዋጅ ቁጥር 147/1991። የኅብረት ሥራ መሠረቱ ፈቃደኝነት ነው። የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ይቀራል። ማዳበሪያ ለመግዛትና ምርት ለመሸጥ ይህ ትክክለኛ መርህ ነው። ለቦይ ግን አይሆንም። ማሳው ቦዩ ዳር የሆነ ሰው አባል ባይሆንም ውሃው በደጃፉ ያልፋል። መዋጮ አይከፍልም፣ ጠረጋ አይወጣም፣ ደንቡም አይገዛውም፤ አካፋ ግን አለው። አንድ እንዲህ ያለ ሰው ራስጌ ላይ ከተገኘ የማኅበሩ ተራ ሁሉ ይፈርሳል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የተጻፈ ነው። በመስኖ አውታሩ ክልል ውስጥ መሬት ይዞ የሚጠቀም ሁሉ አባል ነው፤ መውጣት የለም። ማኅበሩ ትርፍ አይሠራም፣ ሽንኩርት አይነግድም። ሥራው አውታሩን ማንቀሳቀስና መጠገን፣ ውሃውን ማደል፣ ክፍያ መሰብሰብ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ከእሱ ሥር ሥራውን የሚመራ፣ የሚቆጣጠርና አለመግባባት የሚፈታ አካል አለው። ያረቀቀው ሰው ቦይ ዳር የቆመ ይመስለኛል። ግዴታውን ከአባልነት ካርድ አላቅቆ ከማሳው ጋር አሰረው።

ከአዋጁ ወደ መሬት ስንወርድ ቆጋን ማየት ጥሩ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ መርዓዊ አጠገብ፣ የግልገል ዓባይ ገባር በሆነው የቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ የታሰበውም 7,000 ሔክታር ለማጠጣት ነው። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋና ቦይ አለው። ለእኔ የሚገርመኝ ግን የግድቡ ትልቅነት አይደለም። በየሁለተኛ ደረጃው ቦይ መነሻ ላይ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬ አለ። ዋናው ቦይ ሃያ አራት ሰዓት ይፈሳል፤ ሌሊት የሚመጣው ውሃ ኩሬው ውስጥ ያድርና ገበሬው በብርሃን ያጠጣል።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሌሊት ተራ ባህላዊ ቦይ ላይ የጠብ ሁሉ እናት ነው። በጨለማ ማን እንደሰበረ አይታይም፤ ሴትና ሽማግሌ ሌሊት ማሳ ውስጥ ማደር አይችሉም፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ውሃው የጎረቤቱን ማሳ ሲያጥለቀልቅ ያድራል። ኩሬው የሌሊቱን ተራ ከነጠቡ አስቀረው። መሐንዲስ ስለ ሰው ሲያስብ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል።

ኩሬው የማይፈታው ግን አለ፤ መዝጊያውን የሚከፍተው ማን ነው? በግድብ የሚጠጣ ገበሬ ከወንዝ ጠላፊው የሚለየው ውሃው ከየት እንደሚለቀቅ ስለማያየው ነው። ቀን ተቆርጦ ውሃ ሳይመጣ ሲቀር የሚወቅሰው የጎረቤቱን አካፋ ሳይሆን ስሙን የማያውቀውን ጽሕፈት ቤት ነው። የውሃ አባት ሲያጠፋ ጥምቀት ላይ ይገናኛሉ፤ ከጽሕፈት ቤት ጋር በዓል አብሮ አይከበርም። አዋጅ 841 ለማኅበሩ የክርክር መፍቻ አካል መስጠቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ዳኝነቱ ፈጣንና በአደባባይ ከሆነ ነው።

በዚህ ረገድ ከስፔን የቫሌንሲያ ገበሬዎች የምንማረው አለ። የቱሪያን ወንዝ የሚጋሩት ስምንት ቦዮች ተወካዮች ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በከተማዋ ካቴድራል የሐዋርያት በር ፊት ይቀመጣሉ። ዳኞቹ በገበሬ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። ክሱም መልሱም በቃል ነው፤ ጠበቃ የለም፤ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፤ ይግባኝ የለውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ችሎት ነው። ጎብኚ ጥቁር ልብሳቸውን ፎቶ ያነሳል፤ እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ተከሳሹ ከወንዙ ቀኝ ዳር ከሆነ የፍርዱን ሐሳብ የሚያቀርቡት የግራው ዳር ተወካዮች ናቸው፤ ከግራ ከሆነም በተቃራኒው። ከተከሳሹ ጋር አንድ ቦይ የሚጠጣ ሰው አይፈርድበትም፤ ዳኛው ግን ስለ ቦይ ጠንቅቆ ያውቃል። ዝምድናና ጎረቤትነት በበዛበት አገር ይህን ዘዴ ወደ ማኅበራት ደንብ ማስገባት ምንም ወጪ አያስወጣም።

ቦይ የሌለው ውሃ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቆመው አንድ ሰው ብቻውን ውሃ ማግኘት አይችልም በሚል ሐቅ ላይ ነው። ፓምፕ ይህን ሐቅ ሻረው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ሞተር፣ አሁን አሁን ደግሞ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው፣ ከወንዙ ወይም ከጉድጓዱ ቀጥታ ይስባል። ጠረጋ የለም፤ ተራ የለም፤ የውሃ አባት የለም። የፎገራ ሜዳን በሚያቋርጡት በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር በበጋ የተደረደሩትን ፓምፖች ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። እያንዳንዱ ፓምፕ ለብቻው ሲታይ ጥፋት የለበትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ወንዙ ራሱ ቦይ ይሆናል፤ ራስጌና ግርጌም ይኖረዋል፤ የግርጌው ሰው ደግሞ የራስጌውን አያውቀውም፤ ምናልባት ወረዳውም ሌላ ነው።

የዚህን መጨረሻ ለማየት የሐረማያ ሐይቅን ማስታወስ ይበቃል። ሐይቁ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው ነዋሪ የመጠጥ ውሃ ነበር፤ ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ጫትና አትክልት በፓምፕ ያጠጣበት ነበር። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ከሥር እየሞላው መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ መሬቱ የከብት መሰማሪያ ሆነ። የሐረር ሰው ውሃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ከድሬ ጃራ፣ በረጅም ቧንቧ ተስቦ እስኪመጣለት ጠበቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ወደ ሐይቁ ተመልሷል፤ ደስ ይላል፤ ለዘላለም ለመቆየቱ ግን ዋስትና የለውም።

ሐረማያን አንድ ሰው አላደረቀውም፤ ሕግ የጣሰም ብዙ ሰው አልነበረም። ከተማው ለመጠጥ ወሰደ፤ ሕጉ ቅድሚያ የሰጠው ለመጠጥ ነው። ገበሬው በደጃፉ ካለው ሐይቅ ማሳውን አጠጣ። የጎደለው አጠቃላዩ ሲደመር ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅና ተራ የሚያወጣ አካል ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 ይህን ሥራ ለተፋሰስ ባለሥልጣናት ሰጥቶ ነበር፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ተፋሰስ ግን ትልቅ ነው፤ የፓምፕ ጠብ ትንሽ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆም፣ አንድ የወንዝ ክፍል ወይም አንድ የሐይቅ ዳር የሚጋሩ ባለፓምፖችን በግድ አባል የሚያደርግ ማኅበር ያስፈልጋል። አዋጅ 841 ለቦይ ያደረገውን ለወንዝ ዳር ማድረግ ማለት ነው።

ከተሜው አንባቢ ይህ የገበሬ ጣጣ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ራስጌና ግርጌ ይገለበጣሉ፤ ምድር ቤት ያለው ራስጌ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ግርጌ ነው። አንድ ቤት ከመስመሩ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ሲገጥም ሮቶው በግማሽ ሰዓት ይሞላል፤ ከላይ ያለው ቧንቧ አየር ይተፋል። ቆጣሪው የሳበውን ስለሚቆጥር ከፍዬ ነው የወሰድኩት ብሎ ይከራከራል። የከፈለው ለውሃው ነው፤ ለጎረቤቱ ግፊት ግን አልከፈለም። ብሎኩ የጋራ ሕንፃ ማኅበር ካለው ይህን በአንድ ስብሰባ መከልከል፣ የጋራ ማጠራቀሚያ ሠርቶ ከዚያ በአንድ ፓምፕ ለሁሉም ማድረስም ይቻላል። የሚያቅተው ቴክኒኩ አይደለም፤ መዋጮው ነው።

የከተማዋ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማሰብም ተገቢ ነው። ለገዳዲና ገፈርሳ የሚገኙት ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ቧንቧው በደጃቸው እያለፈ ባልዲ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች ጥያቄ ከራስጌና ከግርጌ ጥያቄ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የተነፈገው ራስጌው መሆኑ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም፣ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን ጨምሮ፣ እንደሚጠበቅለትና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። የፖለቲካውን ጎን ለፖለቲከኞች ልተወው። የቦይ ልማድ ግን ለዚህም መልስ አለው፤ ቦዩ በመሬቱ የሚያልፍበት ሰው ከቦዩ ይጠጣል።

መስኖ ባለበት ቀበሌ የሚኖሩ ከሆነ፣ የማኅበርዎን መተዳደሪያ ደንብ ይጠይቁ። ሲሰጥዎት ስለ ዓላማና ራዕይ የሚያትተውን ገጽ ይለፉትና በቀጥታ ተራ እንዴት እንደሚወጣና ተራ የሰበረ እንዴት እንደሚቀጣ ወደሚናገረው አንቀጽ ይሂዱ። ከዚያ የአውታሩ የመጨረሻ ማሳ የማን እንደሆነ አጣርተው ባለቤቱን አምና በመጋቢት ውሃ ደርሶት እንደሆነ ይጠይቁት። ካልደረሰው የቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሄ እንዲሆን ያስመዝግቡ፤ ጉባኤውን አዋጅ 841 የሰጠው ለእናንተ ነው።